በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆን
(ስለ ደም ኮሌስትሮልና ስለ ታይሮይድ ዕጢ መድከም የቀረበ ሐሳብ)

የአገራችን ሰው መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ ባየ ጊዜ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብሎ ይተርታል። ይህ ተረት በከንቱ የተፈጠረ አይደለም። እንቅርት በደጋው አገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሕመም ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ የችግር ምሳሌ አድርጎ በአፉ አኑሮታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ታትሞ የወጣና በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክልሎች የተደረገ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ከ100 ውስጥ 36 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አመልክቷል። እንግዲህ የታይሮይድ ዕጢ ነገር ለደቡብ ጎንደር ደገኛ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ሳይሆን የገዛ አንገቱ ጉዳይ ነው።

እኛም በዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ አንድ ድርብ ችግር ሐሳባችንን ልንገልጽ ወደድን። ይኸውም በአንድ ሰው ላይ የደም ኮሌስትሮል መብዛትና የታይሮይድ ዕጢ መድከም አብረው ሲገኙ፣ ሕክምናው በየትኛው መጀመር እንዳለበትና ሕመምተኛው በየቀኑ ኑሮው ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። አስተያየታችንን አስቀድመን በአጭሩ እንናገር፦ የደሙ ኮሌስትሮል ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው ሁሉ የዘወትር ክኒን ከመጀመሩ በፊት የታይሮይድ ዕጢው ሥራ ሊመረመር ይገባል እንላለን። ይህንንም የምንልበትን ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ኮሌስትሮል ማለት በደማችን ውስጥ የሚገኝ ሰባማ ነገር ነው። ስሙ በክፉ ይነሣ እንጂ ፈጽሞ የማያስፈልግ ነገር አይደለም፤ ሰውነታችን የሕዋሳቱን ቅጥር የሚያበጅበት፣ ልዩ ልዩ ሆርሞኖችንም የሚያዘጋጅበት ነው። አብዛኛውንም የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን፣ ይልቁንም ጉበታችን ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ሲበዛ፣ በተለይም ኤልዲኤል የተባለው ዓይነት ሲበዛ ነው። ያን ጊዜ በደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ያጠባቸዋል፤ ከዓመታትም በኋላ ሰውን በድንገት የሚጥል የልብ ሕመም ወይም ግማሽ አካልን የሚያሰንፍ፣ ስትሮክ የተባለውን የአንጎል ሕመም ያመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው አንዳች ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ ኮሌስትሮል በደም ምርመራ እንጂ በስሜት አይታወቅም።

የታይሮይድ ዕጢ ደግሞ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች፣ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ሆኖ የተቀመጠ ትንሽ ዕጢ ነው። የሚያፈልቀው ሆርሞን የመላ ሰውነታችንን ሥራ የሚያንቀሳቅስ ነው። ልብ በምን ፍጥነት እንዲመታ፣ አንጀት እንዴት እንዲሠራ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት እንዲያገኝ የሚወስነው በአብዛኛው ይህ ሆርሞን ነው። ዕጢው ሲደክም ሁሉም ነገር ይዘገያል፤ ከሚዘገዩትም አንዱ ኮሌስትሮልን ከደም የማጥራት ሥራ ነው።

የሁለቱ ሕመሞች ዝምድና እዚህ ላይ ነው። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚቀበልባቸው ጥቃቅን በሮች አሉት። የታይሮይድ ሆርሞን በቂ ሲሆን በሮቹ ይበዛሉ፤ ሲያንስ ግን ይቀንሳሉ። ነገሩ በመኸር ጊዜ ከአውድማ ወደ ጎተራ እህል የሚያመላልሱ አህዮችን ይመስላል። የጎተራው በር ቢዘጋ አህዮቹ ከነጭነታቸው በመንገድ ላይ ይከማቻሉ፤ መንገዱም ይጨናነቃል፣ ይበላሻል። ምርቱ ስለ በዛ አይደለም፤ በሩ ስለ ተዘጋ ነው። እንደዚሁም ዕጢው የደከመበት ሰው ጮማ ሳይበላ፣ ቅቤም ሳይቀምስ የደሙ ኮሌስትሮል ከፍ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ምግብህን ቀንስ» ብቻ ብሎ ማሰናበት በሩ ተዘግቶ ሳለ አህያውን እንደ መደብደብ ይቆጠራል።

ይህ ዕውቀት የትናንት ወይም የዛሬ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ጆርጅ መሬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ የታይሮይድ ዕጢ ያዘጋጀውን ፈሳሽ ሰውነቷ አብጦ፣ አእምሮዋም ፈዝዞ ለነበረች አንዲት ሴት በመርፌ ሰጣት፤ እርስዋም ድና ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች። በ1914 ኤድዋርድ ኬንዳል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን ለይቶ አወጣው፤ በ1927 ደግሞ ሃሪንግተንና ባርገር በእንግሊዝ አገር በሰው እጅ ሊሠራ መቻሉን አሳዩ። በ1930 የአሜሪካ ሐኪሞች ዕጢያቸው በደከመ ሕሙማን ደም ውስጥ ኮሌስትሮል እንደሚበዛ መስክረው ጽፈዋል። ኮሌስትሮልን የሚቀንሱት ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶች ግን ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ዓመታት ካደረገው ምርምር በኋላ የመጡ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ለሕዝብ እንዲሰጥ የተፈቀደው በ1987 ነው። እንግዲህ ዕጢው ከኮሌስትሮል ጋር ያለው ዝምድና ከስታቲን መድኃኒቶች አስቀድሞ የታወቀ ነው። አዲሱ መድኃኒት ስለ ተገኘ የቀድሞው ዕውቀት ሊዘነጋ አይገባም።

ዕጢው የደከመበት ሰው የሚታዩበት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ያለ ብዙ ሥራ መድከም፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅና የጠጉር መርገፍ፣ የፊትና የዐይን ሽፋን ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የክብደት መጨመር፣ የልብ ምት መዘግየት፣ የነገር መርሳት፣ በሴቶችም ላይ የወር አበባ መብዛት ወይም መዛባት፣ አንዳንድ ጊዜም የእርግዝና መዘግየት ነው። አንገት ማበጥ አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል። እንቅርት ያለበት ሁሉ ዕጢው ደክሟል ማለት አይደለም፤ ዕጢው የደከመ ሁሉም እንቅርት የለበትም።

የእኛ አገር ጠባይ ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ይሸፍናቸዋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ የጉና ተራራ ጫፍም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ አገር ጋቢ መደረብ፣ እሳት ዳር መቀመጥ የሁሉም ልማድ ስለ ሆነ «በረደኝ» የሚል ሰው በሽተኛ አይመስልም። ነገር ግን ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን አውልቆ በቀትር ፀሐይ ሲሠራ እርሱ ብቻ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቢኖር ነገሩ የአየሩ ብርድ ብቻ አለመሆኑን ልንጠረጥር ይገባናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የሴቶች ነገር ነው። የታይሮይድ ዕጢ መድከም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ አብዝቶ ይገኛል። ውኃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ልጅ ስታዝል የነበረች ሴት ቀስ በቀስ ስትዝል፣ ስትረሳና ስትወፍር ባየ ጊዜ ቤተ ሰቡ «ሰነፈች»፣ «ተመቻት» ይላታል። እርስዋም ነቀፋውን አምና ተቀብላ ትኖራለች። በውስጥዋ ግን የደም ሥሮችዋ እየጠበቡ ነው። ስንፍና የተባለው ነገር በአንድ የደም ምርመራ ሊታወቅና በአንዲት ትንሽ ክኒን ሊስተካከል የሚችል ሕመም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባሎችና አማቶች ከመፍረዳቸው በፊት ወደ ሐኪም ቤት እንዲወስዷት በብርቱ እናሳስባለን።

ምርመራው ይህ ነው። ለኮሌስትሮል ከደም ተወስዶ መጠኑ ይለካል፤ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ጠቅላላው ኮሌስትሮል ከ200 ሚሊ ግራም በታች ቢሆን የሚወደድ ነው፤ 240ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ለታይሮይድ ዕጢ ደግሞ ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ይለካል። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ወደ ታይሮይድ የሚላክ ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲደክም አዛዡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ ይጮኻል፤ ስለዚህ የቲኤስኤች መጠን መብዛት የታይሮይድ መድከም ምልክት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ወረቀቱ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ «ዕጢዬ ከመጠን በላይ ሠራ» ብሎ እንዳይሳሳት ነገሩን ለይተን ጻፍነው።

ሁለቱም ሕመሞች አብረው በተገኙ ጊዜ የሕክምናው ሥርዓት በአብዛኛው ከዕጢው መጀመር ነው። ሐኪሙ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ክኒን ያዝዛል፤ ይህም ዕጢው ያጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ ቲኤስኤች እንደ ገና ይለካል፤ መጠኑም እንደ ውጤቱ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ዕጢው ከተስተካከለ በኋላ ኮሌስትሮሉ እንደ ገና ይለካል። በብዙ ሰዎች ላይ ኮሌስትሮሉ ያለ ሌላ መድኃኒት ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በሌሎች ላይ ደግሞ በከፊል ብቻ ይቀንሳል። ሳይወርድ የቀረው እንደ ሆነ ያን ጊዜ የስታቲን መድኃኒት ተገቢ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን አጥብቀን የምንናገረው ለገንዘብ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ዕጢው ደክሞ ሳለ ሳይታከም ስታቲን የሚወስድ ሰው በጡንቻው ላይ ጉዳት ሊደርስበት የሚችልበት አጋጣሚ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ጭኑንና ትከሻውን ያመዋል፤ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ በከባዱ ጊዜም የጡንቻው ፍርስራሽ ወደ ኩላሊት ደርሶ ይጎዳል። ስታቲን የሚወስድ ማንኛውም ሰው ጡንቻው በብርቱ ቢታመምና ሽንቱ እንደ ቡና ቢጠቁር ውሎ ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ይህን ስንል ግን ስታቲን ክፉ መድኃኒት ነው ማለታችን አይደለም። ብዙ ሰዎችን ከልብ ሕመምና ከስትሮክ የሚያድን መድኃኒት ነው። ስለዚህ አሁን ስታቲን በመውሰድ ላይ ያለ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አደራ እንላለን። ከዚህ በፊት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት፣ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የዕጢውን መስተካከል መጠበቅ ይኖርበት እንደ ሆነና እንዳልሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው። ሽማግሌዎችና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም የዕጢውን መድኃኒት በትንሽ መጠን ጀምረው ቀስ በቀስ እንዲጨምሩ ይደረጋል፤ የዘገየ ልብ በድንገት ቢጣደፍ ይጎዳልና። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመውለድ የምታስብ ሴት ነገሩን ወዲያው ለሐኪም ልትናገር ይገባታል፤ በእርግዝና ጊዜ የታይሮይድ ሆርሞን ፍላጎት የሚጨምር ሲሆን፣ ስታቲን ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲቋረጥ ይደረጋል። የጽንሱ አንጎል የሚታነጸው በእናቱ ሆርሞን ጭምር ስለ ሆነ የዕጢውን ክኒን በእርግዝና ጊዜ ማቋረጥ ሕፃኑን መጉዳት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ክኒኑ አወሳሰድ እንናገር፤ መድኃኒቱ ተገዝቶ፣ በየቀኑም ተውጦ ሳለ ሳይጠቅም የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነውና።

1ኛ፤ የዕጢው ክኒን በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውኃ ይዋጣል። ከዚያም ምግብ ከመቅመስ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል።

2ኛ፤ ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። በቤታችን ጠዋት ከሁሉ በፊት የሚቀርበው ቡና መሆኑ የታወቀ ነው፤ ክኒኑን በቡና የሚያወራርድ ሰውም አይጠፋም። ቡና ክልክል ነው አላልንም፤ አንድ ሰዓት ይቆይ ነው ያልነው። አቦል እስኪፈላ፣ ቡናው እስኪቆላና እስኪወቀጥ ድረስ ያለው ጊዜ ለዚሁ የተመቸ ነው፤ ክኒኑ ቡናው ሊቆላ ሲል ይዋጥ።

3ኛ፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ክኒን፣ የካልሲየም ክኒንና የጨጓራ ማስታገሻ መድኃኒት ከዕጢው ክኒን በ4 ሰዓት ይራቁ። ነፍሰ ጡሮች የብረት ክኒን ስለሚወስዱ ይህን በተለይ ያስተውሉ። ተልባም ለኮሌስትሮል መልካም ምግብ ቢሆንም ዝልግልጉ ክኒኑን ስለሚይዘው በጥቂት ሰዓት ልዩነት ይጠጣ።

4ኛ፤ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ውኃ የማይቀምስ ምእመን ክኒኑን ማታ ሊወስደው ይችላል፤ እራት ከበላ ቢያንስ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሊተኛ ሲል ቢውጠው እንደ ጠዋቱ ይሠራል። ስለዚህ ጾሙና ክኒኑ የሚጣሉበት ምክንያት የለም። ሐኪምንም የንስሐ አባትንም ማማከር መልካም ነው።

5ኛ፤ ወደ ጠበል የሚሄድ ወይም ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ለመታጠብ የሚወርድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ። እምነትና መድኃኒት አይጣሉም። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ቀስ ብሎ የሚያልቅ ስለ ሆነ ክኒኑን ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይሰማውም፤ «ዳንሁ» ብሎም ይደሰታል። ከሳምንታት በኋላ ግን ሕመሙ ይመለሳል፤ ኮሌስትሮሉም ተከትሎ ይወጣል። ይህ ክኒን ለአብዛኛው ሰው የዕድሜ ልክ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ስለ ምግብም ጥቂት እንበል። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ቅቤውም የአገራችን ክብር ነው። ሆኖም ከቅቤ ስብ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ኮሌስትሮልን የሚያበዛ ዓይነት ነው። በጾም ወራት ከሥጋ፣ ከቅቤና ከወተት መከልከል ለደም ሥሮችም ዕረፍት ነው፤ ነገር ግን በፋሲካ ማግስት የጾሙን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመካስ መሞከር ይህን ጥቅም ያጠፋዋል። ሌላም የተሰወረ ነገር አለ። ከውጭ አገር የሚመጣው፣ በብርድ ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት ከዕፀዋት የተገኘ ስለ ሆነ የጾም ነው፤ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ግን እንደ ቅቤው ያለ ነው። በደብረ ታቦር ብርድ በጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ሲታይ ይህን ያስታውሱ። የኑግ ዘይት አይረጋም፤ ለደም ሥሮችም ይሻላል።

ገብስ ደግሞ የደጋው ሀብት ነው። በገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ ቃጫ ኮሌስትሮልን በአንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣል። በሶው፣ ቆሎውና ቂንጬው ቅቤ ሳይበዛባቸው ቢበሉ ለዚህ ሕመም ከሚመከሩት ምግቦች የሚያንሱ አይደሉም። ባቄላውና ሽሮውም እንዲሁ። ነገር ግን ምግብ ዕጢውን አያድንም፤ የደከመ ዕጢ ያለበት ሰው በገብስ ብቻ ታምኖ ክኒኑን አይተው። ስለ ጎመንም የሚጠይቁ አሉ፤ በጨው ውስጥ አዮዲን ካልጎደለና ጎመኑ በሚገባ ከበሰለ በልኩ መብላቱ የሚያስፈራ አይደለም።

ስለ ጨው መናገር ግዴታችን ነው። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። የደጋችን አፈር በዝናብና በጎርፍ እየታጠበ አዮዲኑ ስለሚቀንስ ሰብሉም አዮዲን ያንሰዋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዝዟል። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15ቱ ብቻ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ግን በ89ኙ ተገኝቷል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩ ሌላ፣ በበቂ መጠን መኖሩ ሌላ ነው። ጨው በፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲሸጥ፣ በእርጥበት ሲቀመጥ፣ በድስትም ውስጥ ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይጠፋል። ስለዚህ የታሸገውን ገዝቶ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጎ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል። አሞሌ ጨው አዮዲን ስላልተጨመረበት ለከብት ይሁን።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። አዮዲን ለማግኘት ብሎ ጨው ማብዛት ስሕተት ነው፤ የደም ግፊትን ያመጣልና። ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚበቃው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው። በአንድ ኪሎ ጨው 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ቢኖር፣ 5 ግራም ጨው፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ ይህን ያህል ይሰጣል። ከዚያ በላይ ጨው አያስፈልግም። ደግሞም ዕጢው በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ሰውነት የራሱን ዕጢ በሚያጠቃበት ሕመም የደከመበት ሰው አዮዲን በመጨመር አይድንም፤ የሚያስፈልገው ክኒኑ ነው።

በሐሳባችን የማይስማሙ ሰዎች ሁለት ነገር ይነግሩናል። የመጀመሪያው «ኮሌስትሮል የከተማ ባለጸጋ በሽታ ነው፤ ገበሬውን አይነካም» የሚል ነው። ከዚህ በላይ እንደ ገለጽነው ዕጢው የደከመበት ሰው ጮማ ባይበላም ኮሌስትሮሉ ይወጣል፤ ስለዚህ በሽታው የሀብት ምልክት አይደለም። ሁለተኛው «ሁለት ምርመራ ማዘዝ ለድኻ ወጪ ማብዛት ነው» የሚል ነው። ይህ አስተያየት ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ እናከብረዋለን። ነገር ግን ሒሳቡን ስናየው፣ ሥሩ ያልታወቀን ሕመም ለማስታገስ በየወሩ ክኒን መግዛት ከአንድ የደም ምርመራ ይልቅ ያስወጣል፤ ስትሮክ የጣለውን የቤት አባወራ ማስታመምማ ጥማድ በሬ ያሸጣል። ፎገራ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ከተጀመረባቸው የአገሪቱ የመጀመሪያ ወረዳዎች አንዱ እንደ ነበረ የዞናችን ሰው ያስታውሳል። እንዲህ ያለው መረዳዳት የቆመው ሰው ሳይወድቅ እንዲመረመር ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው።

ለሐኪሞችና ለጤና ባለሙያዎችም የምናቀርበው ቃል አለን። የኮሌስትሮል ውጤት ከፍ ብሎ በመጣ ጊዜ ብዕራችሁን ወደ መድኃኒት ማዘዣው ከማንሣታችሁ በፊት እጃችሁን ወደ ሕመምተኛው አንገት አንሡ፤ ስለ ብርድ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ወር አበባም ጠይቁ። የቲኤስኤች ምርመራ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ ያላችሁ፣ ሕመምተኛውን «የለም» ብላችሁ ከማሰናበት ወደሚገኝበት ሆስፒታል በወረቀት ላኩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ጨውን በሚያዩበት ዐይን አንገትንም ይዩ። የመድኃኒት አቅርቦት ኀላፊዎች ደግሞ የዕጢው ክኒን በየወሩ ሳይቋረጥ እንዲገኝ ያስቡበት፤ የዕድሜ ልክ መድኃኒት ያዝዞ በሦስተኛው ወር «አልቋል» ማለት ሕመምተኛውን ከመጀመሪያው ይልቅ ተስፋ ያስቆርጠዋል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በእናንተ ዘንድ በቀትር የሚበርደው፣ ያለ ሥራ የሚዝል፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ፊቱም ያበጠ ሰው ቢኖር ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ኮሌስትሮሉ በዝቶ የተገኘ ዘመድ ካላችሁም «ታይሮይድህ ተመርምሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ክኒኑን የጀመረ ቢሆን ቡናውን አንድ ሰዓት አቆዩለት። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ማስተዋል ብቻ ይበቃል።